ሃይማኖትን በማይረዳው መንገድ መርዳት፦ የፊሊፕ ሄንሪ ጎስ ጉዳይ በኢማም አል-ገዛሊ ሚዛን

ምስጋና ሁሉ ለአላህ (ሱ.ወ.) የተገባ ነው፤ ሶላትና ሰላም በነቢዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.)፣ በቤተሰቦቻቸውና በሰሓቦቻቸው ላይ ይሁን።

በመድረሳ የሚያስተምር ኡስታዝም ሆነ በመስጊድ የሚያሰግድ ኢማም ሳይጠየቅ የማይቀረው አንድ ጥያቄ አለ። ቀኑን በመደበኛ ትምህርት ቤት የዋለ ደረሳ ማታ ኪታቡን ይዞ ይመጣና፣ «ኡስታዝ፣ ምድር የቢሊዮኖች ዓመታት ዕድሜ አላት ተባልን፤ ድንጋይ የሆነ አጥንትም አሳዩን፤ እውነት ነው?» ይላል። ጥያቄው የጥቂት ቃላት ነው፤ መልሱ ግን ከልጁ ጋር ዕድሜ ልኩን ሊኖር ይችላል። መልካም መልስ እምነቱን ያጸናለታል፤ ችኩል መልስ ደግሞ ዓመታት ቆይቶ በዩኒቨርሲቲ መማሪያ ክፍል ውስጥ ሲፈርስበት እምነቱም አብሮ የፈረሰ ይመስለዋል።

በዚህ ጽሑፍ የምንመረምረው ለዚሁ ጥያቄ ከመቶ ስድሳ ዓመታት በፊት በእንግሊዝ አገር የተሰጠ አንድ መልስ ነው። መልሱን የሰጠው ፊሊፕ ሄንሪ ጎስ ሙስሊም አልነበረም። የእርሱን ጉዳይ የመረጥነው ጎስ አላዋቂም አታላይም ስላልነበረ ነው። ከዘመኑ የተፈጥሮ ታዛቢዎች መካከል ዐይኑ እጅግ ከሰላ ሰዎች አንዱ ነበር፤ እምነቱም ከልብ የመነጨ ነበር። ዕውቀትና ቅንነት ባሉበት ስሕተት ሲፈጠር፣ ስሕተቱ ከየት እንደ መጣ አጥርቶ ማየት ይቻላል። ጉዳዩንም ኢማም አቡ ሓሚድ አል-ገዛሊ (450–505 ሂ.) ከጎስ ሰባት መቶ ዓመታት በላይ ቀደም ብለው ባስቀመጡት ሚዛን እንመዝነዋለን።

ዩኒቨርሲቲ ያልገባው ተመራማሪ

ጎስ እ.ኤ.አ. በ1810 ዉስተር በተባለች የእንግሊዝ ከተማ ተወለደ፤ ያደገው ግን በደቡባዊቷ የወደብ ከተማ በፑል ነው። አባቱ ከቦታ ቦታ እየዞረ ትናንሽ የሰው ምስሎችን በመሳል የሚተዳደር ሠዓሊ ነበር። ልጁ ገና በዐሥራዎቹ ዕድሜ ሳለ በንግድ ቤት ጸሐፊነት ተቀጠረ፤ በ1827 ወደ ኒውፋውንድላንድ ተሻግሮ በዚያው ሙያ ቀጠለ። በ1832 ስለ ማይክሮስኮፕ የተጻፈ መጽሐፍ ገዛ፤ ነፍሳትን መሰብሰብና መመዝገብም ጀመረ። ሃይማኖታዊ ሕይወቱ የጠነከረውም በዚያው ዓመት ነው። ከዚያ በካናዳ ሦስት ዓመት ያህል አረሰ፤ በአሜሪካዋ አላባማ ለጥቂት ወራት አስተማረ፤ በጃማይካ ደግሞ ዓመት ከመንፈቅ ያህል ወፎችንና ሌሎች ፍጥረታትን አጠና። የጃማይካን ወፎች የሚመለከተው መጽሐፉ በ1847 ታተመ።

ጎስ ዩኒቨርሲቲ አልገባም፤ ዲግሪም ሆነ የመምህርነት ወንበር አልነበረውም። ራሱን በራሱ ያስተማረ፣ ከመጻሕፍቱና ለሕዝብ ከሚሰጣቸው ንግግሮች በሚያገኘው ገቢ የሚኖር አማተር ተመራማሪ ነበር። ይሁን እንጂ በዴቨን የባሕር ዳርቻ አጎንብሶ ያጠናቸው ፍጥረታት ስም አስገኙለት። የባሕርን ውሃ ከነዕፅዋቱና ከነእንስሳቱ በመስታወት ዕቃ ውስጥ ሕያው አድርጎ የማቆየትን ዘዴ ለሕዝብ ካስተዋወቁት ዋነኞቹ አንዱ ሆነ። ዛሬ ዓለም የሚጠቀምበት «አኳሪየም» የሚለው ስያሜ እንዲስፋፋም በ1854 ያሳተመው መጽሐፍ ከፍተኛ ድርሻ ነበረው። በ1856 ታላላቅ ሳይንቲስቶች የሚሰባሰቡበት የሮያል ሶሳይቲ አባል ሆኖ ተመረጠ።

በሃይማኖቱ በኩል «የፕሊማዝ ወንድሞች» ከተባለው የፕሮቴስታንት ማኅበር ጋር ያመልክ ነበር። ማኅበሩ የመጽሐፍ ቅዱስን ቃል እንደ ተጻፈ መቀበልን የሚያጠብቅ፣ የዓለምንም ፍጻሜ በቅርብ የሚጠባበቅ ነበር። ጎስ ማለዳ ማይክሮስኮፑን፣ ማታ መጽሐፉን ሲመለከት ሁለቱም ወደ አንድ ፈጣሪ እንደሚያመለክቱ አልተጠራጠረም። እስከዚህ ድረስ ማንኛውም አማኝ የሚመኘው ሕይወት ነው።

ቋጠሮው

ችግሩ የተፈጠረው በምድር ዕድሜ ላይ ነው። በ17ኛው ክፍለ ዘመን የአየርላንዱ ሊቀ ጳጳስ ጄምስ አሸር የመጽሐፍ ቅዱስን የትውልድ ሐረጎች ደምሮ ዓለም የተፈጠረችው ከክርስቶስ ልደት በፊት በ4004 ዓመት ነው ብሎ ነበር። ስሌቱ በእንግሊዝኛ መጽሐፍ ቅዱሶች ኅዳግ እየታተመ ብዙ አንባቢ ከራሱ ከመጽሐፉ የማይለየው ሆነ።

በሌላ በኩል የሥነ ምድር ተመራማሪዎች በአንዱ ላይ አንዱ የተነጠፉ የድንጋይ ንጣፎችን፣ በውስጣቸውም የጠፉ ፍጥረታትን ቅሪተ አካላት እያጠኑ ነበር። ቻርልስ ላይል ከ1830 እስከ 1833 ባሳተማቸው የሥነ ምድር መጻሕፍቱ እነዚህ ንጣፎች ዛሬም በምናያቸው አዝጋሚ ሂደቶች፣ እጅግ ረጅም በሆነ ዘመን ውስጥ እንደ ተገነቡ ተከራከረ። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ ማለት ያስፈልጋል። ከታወቁት የሥነ ምድር ሊቃውንት መካከል ዊልያም በክላንድና አዳም ሴጅዊክ ራሳቸው የቤተ ክርስቲያን አገልጋዮች ነበሩ፤ ምድር ጥንታዊት መሆኗንም ተቀብለው ነበር። ስለዚህ ፍጥጫው በእምነትና በክሕደት መካከል አልነበረም፤ በድንጋዩ ላይ በሚታየውና አንድ ሰው ከቅዱስ መጽሐፍ አስልቶ ባወጣው ቁጥር መካከል ነበር። ጎስ ግን ቁጥሩን ከእምነቱ ነጥሎ ማየት አልቻለም።

«ኦምፋሎስ»

ጎስ በየካቲት 1857 ባለቤቱን ኤሚሊን በካንሰር ተነጠቀ። በዚያው የኀዘን ዓመት «ኦምፋሎስ» የተሰኘውን መጽሐፍ አሳተመ። ቃሉ በግሪክኛ እምብርት ማለት ነው፤ የመጽሐፉ ንዑስ ርእስም የሥነ ምድርን ቋጠሮ ለመፍታት የተደረገ ሙከራ መሆኑን ይገልጻል።

ሙግቱ እንዲህ ይሄዳል። ሕይወት ክብ ናት፤ ዶሮ ከእንቁላል፣ እንቁላል ከዶሮ ይወጣል። ፈጣሪ ከዚህ ክብ በየትኛውም ነጥብ ቢጀምር፣ የተፈጠረው ነገር ያልኖረበትን ያለፈ ጊዜ ምልክት መያዙ አይቀርም። ዛሬ የተፈጠረ የጎለመሰ ዛፍ ቢቆረጥ ግንዱ ውስጥ የዕድገት ቀለበቶች ይኖራሉ፤ ዛፍነቱ ያለ እነርሱ አይሟላምና። ከእናት ያልተወለደው አደምም ሙሉ ሰው ሆኖ ሲፈጠር እምብርት ነበረው። እንግዲህ ይላል ጎስ፣ ምድርም እንዲሁ ናት፤ የድንጋይ ንጣፎቿ፣ ቅሪተ አካሎቿ፣ በድንጋይነት የተገኘው የእንስሳት ፋንድያ ጭምር ከፍጥረት በኋላ በጊዜ ውስጥ የተከናወኑ ሳይሆኑ ከምድር ጋር በአንድ ጊዜ የተፈጠሩ የዕድሜ ምልክቶች ሊሆኑ ይችላሉ።

ጎስ መጽሐፉ የሥነ ምድር ሊቃውንትንም አማኞችንም የሚያስታርቅ መስሎት ነበር፤ ሁለቱም ወገን ሳይቀበለው ቀረ። አንዳንድ ጋዜጠኞች ሐሳቡን፣ ፈጣሪ ተመራማሪዎችን ወደ ክሕደት ሊፈትን ቅሪተ አካላትን በድንጋይ ውስጥ ደበቀ የሚል አድርገው ዘገቡት። ይህ በጎስ ላይ የተፈጸመ በደል ነው፤ እርሱ እንዲህ አላለም። ምልክቶቹ የፍጥረት ሥርዓት የሚጠይቃቸው ናቸው እንጂ ወጥመድ ናቸው ብሎ አያምንም ነበር።

ከሁሉ የከበደው ትችት የመጣው ከወዳጅ ነው። ቻርልስ ኪንግስሊ ቄስ፣ ደራሲና የተፈጥሮ ወዳጅ ነበር። ስለ መጽሐፉ ግምገማ እንዲጽፍ ሲጠየቅ እምቢ አለ፤ ምክንያቱንም ለጎስ በደብዳቤ ገለጸ። የደብዳቤው ፍሬ ነገር ይህ ነው፦ ፈጣሪ በድንጋዮች ላይ ግዙፍና የማያስፈልግ ሐሰት ጽፏል ብሎ ማመን እንደማይችል፤ ከዚህ በፊት ያልተጠራጠረውን እንዲጠራጠር ያደረገው የመጀመሪያው መጽሐፍ ይኸው ለእምነት የተጻፈው መጽሐፍ እንደሆነ። ለሃይማኖት ጥብቅና የቆመ ጽሑፍ የሃይማኖት አገልጋይን ወደ ጥርጣሬ ሲመራ ከዚህ የበለጠ ምን ማስጠንቀቂያ ይኖራል?

በኢማም አል-ገዛሊ ሚዛን

ኢማም አል-ገዛሊ በ«ተሃፉት አል-ፈላሲፋ» መግቢያ ላይ ከፈላስፎች ጋር ያለውን ልዩነት በሦስት ይከፍሉታል። አንደኛው የቃላት ልዩነት ብቻ ነው። ሁለተኛው ከሃይማኖት መሠረቶች አንዱንም የማይነካ ነው። ሦስተኛው መሠረትን የሚነካ ሲሆን ክርክሩም መሆን ያለበት በዚህኛው ላይ ነው። ለሁለተኛው ምሳሌ የሚያደርጉት ግርዶሽን ነው። የጨረቃ ግርዶሽ የሚሆነው ምድር በፀሐይና በጨረቃ መካከል ስትገባ መሆኑ በስሌት የተረጋገጠ ነው። ይህን መቃወም የሃይማኖት ግዴታ ነው ብሎ የሚያስብ ሰው በሃይማኖት ላይ ወንጀል ይፈጽማል ይላሉ። ስሌቱን በዐይኑ ያረጋገጠ ሰው «ይህ ከሸሪዓ ጋር ይጋጫል» ሲባል የሚጠራጠረው ስሌቱን ሳይሆን ሸሪዓውን ነውና። ሃይማኖትን ባልተገባ መንገድ የሚረዳ ሰው የሚያደርሰው ጉዳት በተገባው መንገድ የሚተች ሰው ከሚያደርሰው እንደሚበልጥም ያስገነዝባሉ።

የኪንግስሊ ደብዳቤ የዚህ ትንታኔ ሕያው ማስረጃ ነው። ነገር ግን የጎስ መልስ የተደበቀ ችግር ስላለው በዚህ አንቆምም። ጎስ ግርዶሹን እንደሚክድ ሰው አይደለም፤ ቅሪተ አካላቱ መኖራቸውን ያምናል፤ የንጣፎቹን ቅደም ተከተልም ይቀበላል። የሚለው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ አላህ እንዲህ አድርጎ መፍጠር ይችላል። ይህን ደግሞ የትኛውም ሙስሊም ሊክደው አይችልም። ታዲያ ስሕተቱ የቱ ላይ ነው?

መልሱ በዚያው በ«ተሃፉት» ዐሥራ ሰባተኛ ጉዳይ ውስጥ ይገኛል። አል-ገዛሊ በዚያ እሳትና መቃጠል የተያያዙት በራሳቸው አስገዳጅነት ሳይሆን በአላህ ፈቃድ መሆኑን ያስረዳሉ። ተከራካሪያቸው ታዲያ እንዲህ ሲል ያፋጥጣቸዋል፦ እንዲህ ከሆነ በቤቱ መጽሐፍ ትቶ የወጣ ሰው ሲመለስ መጽሐፉ እንስሳ ሆኖ ላለመጠበቁ ምን ዋስትና አለው? ኢማሙ የሚሰጡት መልስ ለጉዳያችን ቁልፍ ነው። ነገሩ በአላህ ችሎታ ዘንድ የሚቻል ነው፤ ነገር ግን አላህ እንዳላደረገው የምናውቅበትን ዕውቀትም እርሱው ፈጥሮልናል። የማያቋርጠው የፍጥረት ልማድ፣ ማለትም «ዓዳ»፣ ይህን ዕውቀት በልባችን ያጸናል። ስለዚህ «ይቻላል» ማለት «ሆኗል» ማለት አይደለም።

ጎስ ከመጀመሪያው ቃል ወደ ሁለተኛው ያለ ድልድይ ተሻገረ። ሙግቱ ሊሸነፍ አይችልም፤ ድክመቱም ይኸው ነው። ፈላስፋው በርትራንድ ራስል በ1921 እንዳመለከተው፣ በዚህ ዓይነት አካሄድ ዓለም ከነትዝታችን ከአምስት ደቂቃ በፊት ተፈጥራለች ቢባልም ማስተባበያ አይገኝም። እንዲህ ያለ መልስ የምድርን ዕድሜ ብቻ አያናጋም፤ ትናንት የመሰከረውን ምስክር፣ የሐዲሥን የሰነድ ሰንሰለት፣ በእጅ የተጻፈን ኪታብ ዕድሜ ሁሉ ያናጋል። የዒልማችን መሠረት ያለፈውን ነገር በተወው አሻራ ማወቅ እንደሚቻል ማመን ነውና።

«እኛም እኮ አደም (ዐ.ሰ.) ያለ አባትና ያለ እናት ሙሉ ሰው ሆነው መፈጠራቸውን እናምናለን» የሚል ሊኖር ይችላል። አዎን፤ ነገር ግን ይህን የምናምነው ነስ ስለመጣበት ነው። አላህ ከልማድ ውጭ ማድረጉን በነገረን ቦታ ሰምተን እንቀበላለን። ባልነገረን ቦታ ደግሞ ልማዱን ራሳችን በፈጠርነው ተአምር አንሽረውም። ቁርኣን በሱረቱል ዐንከቡት (29፡20) በምድር ላይ ሄደን ፍጥረት እንዴት እንደ ተጀመረ እንድንመለከት ያዘናል፤ በሱረቱ ዱኻን (44፡38–39) ደግሞ ሰማያትና ምድር ለጨዋታ እንዳልተፈጠሩ ያስተምረናል። የምናየው ነገር ያልሆነውን የሚመሰክር ቢሆን ኖሮ ተመልከቱ መባላችን ምን ፍሬ ይኖረው ነበር?

የምድርን ዕድሜ በተመለከተም ሙስሊሙ ጎስን ያስጨነቀው ሸክም የለበትም። ቁርኣን ሰማያትና ምድር በስድስት ቀናት መፈጠራቸውን ይናገራል፤ በሱረቱል ሐጅ (22፡47) እና በሱረቱ ሰጅዳ (32፡5) አንድ ቀን እንደ ሺህ ዓመት፣ በሱረቱል መዓሪጅ (70፡4) ደግሞ እንደ ሃምሳ ሺህ ዓመት መገለጹን እናነባለን። በስድስቱ ቀናት ርዝመት ላይ ቀደምት ሙፈሲሮችም የተለያየ አስተያየት ሰጥተዋል። ምድር ይህን ያህል ዓመቷ ነው የሚል ቁርጥ ያለ ነስ ግን የለም። የሌላን ሕዝብ ስሌት ተውሰን የእምነታችን አጥር ካደረግነው፣ አጥሩ ሲፈርስ የምንደነግጠው በከንቱ ነው።

በግርዶሹ ቀን

ከዚህ ሁሉ በላይ ከፊታችን ያለው የነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) አርኣያ ነው። ልጃቸው ኢብራሂም በሞተ ዕለት ፀሐይ ተጋረደች። ሰዎችም ፀሐይ የተጋረደችው በኢብራሂም ሞት ምክንያት ነው አሉ። ሐሳቡ ከፍቅር የመጣ ነው፤ ዝም ቢባል ደግሞ ለነቢይነታቸው እንደ ማስረጃ ሊቆጠር ይችል ነበር። እርሳቸው ግን ልባቸው በኀዘን በተሞላበት በዚያው ቀን ስሕተቱን አረሙ። ፀሐይና ጨረቃ ከአላህ ምልክቶች ሁለቱ መሆናቸውን፣ በማንም ሞት ወይም ሕይወት ምክንያት እንደማይጋረዱ ነገሯቸው፤ ወደ ሶላትም መሯቸው። ይህ በቡኻሪና በሙስሊም የተዘገበ ነው። እውነት ያልሆነ ማስረጃ፣ ለእውነት የሚጠቅም ቢመስልም፣ ውድቅ መደረግ እንዳለበት ከዚህ የበለጠ ማረጋገጫ አንሻም።

ጎስም በኀዘን ዓመቱ ብዕር ያነሣ ሰው ነበር። በቅንነቱ አንጠራጠርም። ልዩነቱ ጎስ ለእምነቱ የሚጠቅም የመሰለውን ማብራሪያ መያዙ፣ ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) ደግሞ መልቀቃቸው ነው።

ከሐዳር ለሚነሣው ጥያቄ

ጉዳዩ የሩቅ አገር ታሪክ ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1974 በአፋር ምድር፣ ሐዳር በተባለ ስፍራ፣ እኛ ድንቅነሽ፣ ዓለም ሉሲ የሚላት ቅሪተ አካል ተገኘች። የሙስሊሙ አርብቶ አደር እግር በየቀኑ በሚረግጠው አፈር ውስጥ ማለት ነው። ተመራማሪዎች ዕድሜዋን 3.2 ሚሊዮን ዓመት ያህል ያደርሱታል። ስሌቱ የሚያርፈው በአካባቢው በተነጠፈው የእሳተ ገሞራ አመድ ላይ ነው፤ በአመዱ ማዕድን ውስጥ ያለው ፖታሲየም በታወቀ ፍጥነት ወደ አርገን ጋዝ ስለሚለወጥ የተጠራቀመው ጋዝ ይለካል።

ደረሳችን ስለዚህ ሲጠይቅ፣ «አላህ አርገኑን ከመጀመሪያው በአመዱ ውስጥ ፈጥሮት ይሆናል» ብንለው የጎስን መልስ ደገምነው ማለት ነው። በምትኩ ሦስት ነገሮችን ለይተን እንድናስረዳው እንመክራለን።

አንደኛ፣ ነሱ ምን ይላል? ቁርጥ ያለውን፣ ማለትም ቀጥዒውን፣ ትርጓሜ ከሚቀበለው ከዘንኒው እንለይ። የአደም (ዐ.ሰ.) አፈጣጠር ቁርኣን የተናገረበት የዐቂዳ ጉዳይ ነው። የምድር ዕድሜ ግን ከላይ እንዳየነው ቁርጥ ያለ ነስ የመጣበት አይደለም። ሁለቱን በአንድ ገመድ ማሰር የመጀመሪያው ስሕተት ነው።

ሁለተኛ፣ ሳይንሱ ያየው ምንድን ነው? ያሰላውስ? የገመተውስ? አጥንቱ መኖሩ የታየ ነው፤ የአመዱ ዕድሜ የተለካ ነው፤ የዝምድናው ሐረግ ደግሞ ከማስረጃዎች የተወሰደ ድምዳሜ ነው። ደረጃቸው አንድ ስላልሆነ መልሳችንም አንድ ሊሆን አይገባም። አል-ገዛሊ በ«አል-ሙንቂዝ ሚነ ድ-ደላል» ከሒሳብ ዕውቀት የሚመጡ ሁለት አደጋዎችን ጠቅሰዋል፦ በስሌቱ ትክክለኛነት ተደንቆ ባለሙያው የሚናገረውን ሁሉ፣ በሃይማኖት ላይ የሚለውንም ጭምር፣ እንደ ተረጋገጠ የሚቀበል ሰው፤ እና ሃይማኖትን ለመርዳት ሲል ዕውቀቱን ሁሉ የሚክድ አላዋቂ የእስልምና ወዳጅ። የመምህር ሥራ ደረሳውን ከሁለቱም መጠበቅ ነው።

ሦስተኛ፣ የማናውቀውን አላውቅም እንበል። ኢማም ማሊክ ከቀረቡላቸው ጥያቄዎች ለብዙዎቹ «አላውቅም» ብለው መመለሳቸው የታወቀ ነው። ሱረቱል ኢስራእም (17፡36) ዕውቀት የሌለንን ነገር እንዳንከተል ያስጠነቅቀናል። በሚንበር ላይ የቆመ ሰው «ይህን አላጠናሁትም፤ ጠይቄ እነግራችኋለሁ» ማለቱ ክብሩን አይቀንሰውም።

ማጠቃለያ

ጎስ ከ«ኦምፋሎስ» ውድቀት በኋላም ወደ ማይክሮስኮፑ ተመለሰ። ስለ ብሪታንያ የባሕር አኔሞኒዎች ሰፊ ጥናት አሳተመ፤ በ1863 ስለ ኦርኪድ አበቦች ከቻርልስ ዳርዊን ጋር ደብዳቤ ተለዋወጠ፤ በ1886 ደግሞ ሮቲፈር ስለተባሉት በዐይን የማይታዩ የውሃ ፍጥረታት ከሲ. ቲ. ሃድሰን ጋር ያዘጋጀው ሥራ ወጣ። በ1888 አረፈ። በትዕግሥት ተመልክቶ የመዘገበው ሁሉ ጠቀመ፤ ለፈጣሪ ይከራከርልኛል ብሎ የጻፈው መጽሐፍ ግን ባብዛኛው ሳይሸጥ ቀረ።

እናቱ ስትሞት ገና ስምንት ዓመት ያልሞላው ብቸኛ ልጁ ኤድመንድ አድጎ የታወቀ ጸሐፊ ሆነ፤ የአባቱንም እምነት ተወ። በ1907 ስለ አባቱና ስለ ራሱ ባሳተመው መጽሐፍ ይህን ታሪክ በፍቅርና በቅሬታ ተርኳል። ከእምነቱ የወጣበት ምክንያት ብዙ ነው፤ በ«ኦምፋሎስ» ብቻ ልናሳብብ አንችልም። ሆኖም ለጥያቄ ሁሉ የተዘጋጀ መልስ በነበረበት ቤት ማደጉን ስናነብ የራሳችንን ደረሳዎች ማሰባችን አይቀርም።

አላህ ዲኑን የሚጠብቅ እርሱ ራሱ ነው፤ በደካማ ማስረጃ የምንደግፈው ያህል የሚዘም ግድግዳ አይደለም። ከእኛ የሚጠበቀው ለሚጠይቀን ልጅ እውነቱን በልኩ መስጠት ነው፦ የተረጋገጠውን የተረጋገጠ፣ የተገመተውን የተገመተ፣ ያላወቅነውን ያላወቅነው ብለን። ወላሁ አዕለም።